የደመላሽን ስም ማን አወጣው?

በዚያ የክርስትና ቀን በአያ ጣሰው ቤት የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ እጽፋለሁ። የዘለልኩት ካለ የነበራችሁ ታርሙኛላችሁ።

አያ ጣሰው፣ የቤቱ ባለቤት፣ ምሰሶውን ተደግፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አባታቸው ከጎረቤት ጋር በድንበር ሲካሰሱ ስለተወለዱ ነው ጣሰው የተባሉት። ምራታቸው የሻረግ ሕፃኑን ታቅፋ ከጓዳው በር አጠገብ ነበረች። ስሟን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ዘሯ እንደ ሐረግ እንዲሳብ፣ ሺህ እንዲሆን። ከጎኗ ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ፣ ዶፍ በወረደበት ቀን የተወለዱ። ከበሩ በስተቀኝ ሽማግሌው ሼህ ይመር፤ ስማቸውን ከአያታቸው እንደወረሱት ነግረውኛል፤ ከዚያ በላይ ስጠይቅ ግን «ምን ያደርግልሃል?» ብለው አቁመውኛል። በስተግራ እንግዳው፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ የተወለደ። ያን ቀንም እንግዳ ነበር፤ ዘመዳቸው ሳይሆን ከገዳይ ወገን ተልኮ ነው የመጣው። ከሼህ ይመር ጎን መሪጌታ ስንቄ፤ አባታቸው ለትምህርት ርቀው በሄዱበት ዘመን ስለተወለዱ እናታቸው ለብቸኝነቷ ስንቅ አድርጋ የጠራቻቸው። መጨረሻ ላይ እኔ፣ ይርጋ። ቤተሰቤ ከወግዲ ተነቅሎ መካነ ሰላም በገባ በዓመቱ ተወለድኩና እናቴ እዚህስ ኑሯችን ይርጋ ብላ አወጣችልኝ።

ሕፃኑ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል። የክርስትና ስሙን አልጽፍም፤ አይጻፍም። የሚጠራበት ስሙ ግን ገና አልተነገረም ነበር፤ ሁላችንም የተቀመጥነው እሱን ለመስማት ነው።

አባቱ ሞላ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት በሰው እጅ ሞቷል። ሞላ የአያ ጣሰው አንድ ወንድ ልጅ ነበር። በጥር ወር፣ አዝመራው ተሰብስቦ ከብት በቃርሚያው ላይ ሲሰማራ፣ ከወንዙ ማዶ ከሚኖረው ከታከለ ጋር በግጦሽ ተጣላ፤ ታከለ በዱላ መታውና በዚያው ቀረ። ታከለ እጁን ሰጥቶ ታሰረ። በኛ አገር ግን ነገሩ በእስር አያልቅም። የታከለ ወንድሞችና የአጎቶቹ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ አይወጡም፤ ወፍጮ ቤት አይሄዱም፤ በሟች ደጃፍ የሚያልፈውን መንገድ ትተው በገደሉ ዳር ይዞራሉ። እርቅ እስኪወርድ ኑሮ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዘመን መለወጫ በፊት ያለችውን እሁድ ለእርቁ ቀጥረው ነበር። የታከለ ወገን ግን የሕፃኑን ስም ሳንሰማ አንመጣም አለ።

አባቱ ከተገደለ በኋላ የሚወለድ ወንድ ልጅ ስሙ ለሁለቱም ወገን የሚነገር ቃል ነው። ማስረሻ ከተባለ ቤቱ ሐዘኑን ሊረሳ ፈቅዷል። ካሳ ከተባለ ልጁ ራሱ ለሟቹ ካሳ ሆኗል። ደመላሽ ከተባለ ግን የሚያድገው የአባቱን ደም ሊመልስ ነው። ያን የሰማ ወገን መሣሪያውን ከራስጌው ሳያደርግ አይተኛም።

ወደዚያ ቤት ከመመለሴ በፊት እዚያ እንዴት እንደተገኘሁ ልናገር።

እኔ የቀበሌ የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነበርኩ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እጽፍ ነበር። አሁን መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሥራውን ትቼ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ስልክና የፀሐይ መብራት እጠግናለሁ። ዕድሜዬ ለትዝታ ጽሑፍ ገና ነው የሚሉኝ አሉ፤ የሠራሁት ሥራ ግን በያዝኩት መልክ ከእንግዲህ የለም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ወግዲ ገጠር ነው። አሥረኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። የፊት ገጾቹ የተቀደዱ አሮጌ መዝገበ ቃላት ከገበያ ገዝቼ በሱ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ይኸው ነው። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ስም ስጠይቅ መልሱ ጥያቄ ነበር።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለመዝገብ ነው።»

«ግብር ነው?»

«አይደለም፣ ልደት ነው።»

«ተወልዶ የለም እንዴ? ማን ልኮህ ነው?»

አንዲት እናት ለአንድ ልጅ ሦስት ስም ነበራት፤ ለእኔ የነገረችው ሌላ፣ ለጤና ኬላ የነገረችው ሌላ፣ ጎረቤት የሚያውቀው ሌላ። ከሱ በፊት የወለደቻቸው ሞተውባታል። ሞት ስሙን ሰምቶ እንዳይመጣ ነበር የምትደብቀው። ትክክለኛው ስሙ «ባይለየኝ» መሆኑን ያወቅሁት ልጁ ወደ ገደሉ ሲሮጥ ደንግጣ ስትጠራው ነው። አየችኝ፤ እንደሰማሁም አወቀች። ከዚያ በኋላ በኔ በኩል ባለው መንገድ አልፋ አታውቅም።

የወረዳው አለቃዬ በየስሙ ጎን ታሪኩን መጻፌን አይቶ ጠራኝ።

«ይርጋ፣ አንተ የተቀጠርከው ስም ልትጽፍ ነው ታሪክ ልትጽፍ?»

«ስም ልጽፍ ነው።»

«እንግዲያው ጽፈህ ተነሳ።»

እውነት ነበረው፤ ቅጹ ላይ ለታሪክ ቦታ የለም።

በኋላ መካነ ሰላም አጠገብ ወዳለ ቀበሌ ተዛወርኩ። መሪጌታ ስንቄን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከወንዙ በላይ ያለው ደብር መሪጌታ ናቸው፤ በሽምግልናም ከሼህ ይመር ጋር አይለያዩም። ሰዉ ያከብራቸዋል፤ ይፈራቸዋልም። በክርስትና ስምና በእናት ስም ድግምት ይሠራል ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ በደብሩ የተጠመቀውን ሁሉ ስም ያውቃሉ። እኔም መጀመሪያ ከሳቸው ጋር መንገድ መሄድ አልወደድኩም ነበር። የእናቴን ስም ቢጠይቁኝ ምን እንደምል ሳስብ እውል ነበር። አልጠየቁኝም።

እሳቸው አብረውኝ ሲሄዱ ግን በሮች ይከፈታሉ። ልማዳቸውን በደንብ አይቼዋለሁ። ከደጅ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ። ገብተውም ተቀመጡ እስኪባሉ ድረስ አይቀመጡም። የቤቱ እመቤት ፊቷን ካጠቆረች፣ ልጅ ካቀፈችም የልጁን ፊት ከሸፈነች፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የራሳቸውን የክርስትና ስምና የእናታቸውን ስም ይነግሯታል።

«ይዘሽው ቆይ፤ ክፉ ብሠራ በዚሁ አሠሪብኝ» ይላሉ።

ሴትዮዋ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ነው የሚጠይቁት። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «ማን አወጣው?» የስሙን ትርጉም አይጠይቁም። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ትርጉም ብቻ ነበር የምጠይቀው፤ መዝገበ ቃላቴን ይዤ።

የጥያቄያቸው ጥቅም የገባኝ በአንድ ገበሬ ጉዳይ ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ ልጁን ሰይድ ብሎ ሊያስመዘግብ መጣ። አለቃዬ ወረቀቱን መለሰብኝ፤ ሃይማኖቱን ወይም ስሙን ተሳስተሃል አለኝ። ሰውየውን የሰይድን ትርጉም ጠየቅሁት፤ አላውቅም አለ። ሲምታታብኝ መሪጌታ ገቡና «ማን አወጣው?» አሉት።

«እኔ ነኝ። እናቱ ወልዳ ታመመችና ጡቷ ደረቀ። ከማዶ ሰይድ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ የምትታለብ ላሙን ነድቶ መጥቶ ደጄ ላይ አሰራት። እሷ እስክትድን ልጁ የጠጣው የሰይድን ወተት ነው። ምን ልበለው ታዲያ?»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «መዝገበ ቃላትህ ላም አለው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም «ማን አወጣው?» እያልኩ እጠይቅ ጀመር።

ይሁን እንጂ ዝርዝር ነገር ስለማይጠፋኝ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። የሚናገሩት የክርስትና ስም ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ቤት ገብረ ሥላሴ፣ ሌላው ቤት ወልደ ማርያም ናቸው። እናታቸውም አንዴ ወርቄ፣ አንዴ ጥሩነሽ ትሆናለች። መንገድ ላይ ጠየቅኋቸው።

«መሪጌታ፣ ትናንት ገብረ ሥላሴ ነበሩ።»

«ነበርኩ?»

«ዛሬ ወልደ ማርያም ሆኑ።»

«አንተ ልጅ ስምን እንደ ዶሮ ትቆጥራለህ» ብለው ሳቁ። ጥቂት ከሄድን በኋላ «ሴትዮዋ የፈለገችው ስሜን አይደለም፤ እንዳልፈራኋት ማየት ነው» አሉኝ።

መልሱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሚነግሩኝን ሁሉ ሁለት ጊዜ ማየት ጀመርኩ። ለበጎ ብለው የሚዋሹ ሰው መቼ እንደሚዋሹ አይታወቅም።

ወደ አያ ጣሰው ቤት ልመለስ። ስሙ እንደተነገረ ልጽፈው ሽማግሌዎቹ ይዘውኝ ሄዱ። ስንገባ የሻረግ መሪጌታን አይታ የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ኃይለ ገብርኤል ነኝ። እናቴ እንጉዳይ ትባላለች። ይዘሽው ቆይ» አሏት። አዲስ ስም ነው፤ ከዚያ በፊት በየትም ቤት አልሰማሁትም። የሻረግ ነጠላውን ገለጥ አደረገችው።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ለሼህ ይመር ብርዝ ከቀረበላቸው በኋላ እሳቸው ጀመሩ።

«አያ ጣሰው፣ አላህ ያሳድገው። እንግዲህ ስሙን ያሰሙን።»

አያ ጣሰው ጢማቸውን ዳበሱና «እናቱ ታሰማ» አሉ።

ያልተለመደ ነው። አባት በሌለበት አያት ነው የሚያሰማው። ሁሉም ወደ የሻረግ ዞረ። እሷ ከሕፃኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ደመላሽ» አለች።

እትዬ ዘነቡ እልል ሊሉ የከፈቱትን አፍ በነጠላቸው ሸፈኑት። ሼህ ይመር ብርዙን ወደ ጎን አድርገው ወደ አያ ጣሰው ጎንበስ አሉ።

«ይህ ስም ምን ማለት ይሆን?» አሉ። ትርጉሙን አጥተውት አይደለም፤ አያ ጣሰው ለስለስ ያለ ነገር እንዲናገሩ እየለመኗቸው ነበር።

«ስሙ አፍ አለው፣ ሼህ ይመር። አስተርጓሚ አይፈልግም።»

እንግዳው ዋንጫውን መሬት አስቀምጦ ተነሳ።

«ምነው እንግዳው፣ ጠላው ጎመዘዘህ?» አሉት አያ ጣሰው።

«ጠላው ደህና ነው። እግዜር ያሳድገው» ብሎ ወጣ።

እኔ የማየው መሪጌታን ነበር። በየቤቱ የሚጠይቋትን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቁበት ጊዜ ያ ነው። አልጠየቁም። ዳቦአቸውን ቆርሰው በሉ። ከመካከላችን ማንም «ማን አወጣው?» ሳይል ቀረ። አያት አውጥተውት በእናት አፍ እንዳስነገሩት አድርገን ሁላችንም ወሰድነው፤ እኔም እንደዚያው ወስጄ ጻፍኩት።

እሁድ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የአያ ጣሰው ወገን በአንድ በኩል ተቀመጠ፤ በሌላው በኩል ማንም አልመጣም። ፀሐይ እስክትዞር ጠበቅን። ከዚያ አንድ ከብት ጠባቂ መጥቶ፣ ተገኘ የሚባለው የታከለ ወንድም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ከብቱን ነድቶ፣ ወደ አባይ በረሃ መውረዱን ነገረን። ባቄላው እሸት ደርሶ ነበር፤ ጤፉ አረም ይዞት ነበር። ሁሉንም ጥሎ ነው የሄደው። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ውድቀት ይህን የሚያህል የለም። ያ ሁሉ የሽማግሌ ምልልስ በአንድ ቃል ፈረሰ። በሳምንት ውስጥ ዝንጀሮ የተገኘን ባቄላ ጨረሰው። የተገኘን ትንሿን ልጅ ደግሞ በረሃው ወባ አስያዛት፤ ተርፋለች፤ ግን ያን ሰሞን ማንም በመትረፏ እርግጠኛ አልነበረም።

መስቀል ካለፈ በኋላ መሪጌታ «ተነስ፣ በረሃ እንወርዳለን» አሉኝ። ሼህ ይመር፣ እሳቸውና እኔ ወረድን። ተገኘን ከአንድ ዘመዱ ጎጆ ተጠግቶ አገኘነው። ፊቱን አዙሮ ነው የተቀበለን።

«ደመላሽ አደገ እንዴ?» አለ።

«ቁጭ በልና ስማ» አሉት መሪጌታ። «ስሙን አያቱ አላወጡትም። እናቱ ናት።»

የነገሩትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ። የሻረግ ምጥ የያዛት በሐምሌ፣ ዝናብ ሳያባራ ነው። ምጡ ጠናባትና የአካባቢው ሰው በቃሬዛ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ተሸክሟት ወጣ፤ መኪና የሚደርስበት መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። በኛ መንገድ ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል፤ ቀጣዩ እስኪቀበለው ይሸከማል። የታመመው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የራሱንም ስም አይናገርም፤ ውለታ እንዳይመስል። ያን ቀን በገደሉ ዳር፣ የታከለ ወገን በሚዞርበት መንገድ፣ አንድ ሰው ከፊት በኩል ገባ። የሟች ሚስት መሆኗን አውቋል፤ አብረውት የሚሸከሙት ቢያውቁት እዚያው ያስቀሩታል። ላስቲክ ተከናንቦ ወንዙን አሻገራት፤ ዳገቱንም አወጣት። ወንዙ መሐል ከኋላው የነበረው ሰው ሳያስበው «ደመላሽ፣ ቀስ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» አለው። የሻረግ ሰማች። ከታከለ የአጎት ልጆች የአንዱ ስም ደመላሽ ነው።

«እሱ ባይሸከማት ሁለቱም ሞተው ነበር። አማቷ ፊት ይህን ልትናገር አትችልም፤ ስሙን ግን ለልጇ ሰጠችው» አሉ መሪጌታ።

ተገኘ ፊቱን ወደኛ መለሰ። «ደመላሽ ያደርገዋል። እንደሱ ያለ ሰው ነው» አለ። ደመላሽ ራሱ በነሐሴ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንዳልተሰማ ነገረን። ሼህ ይመር አያ ጣሰው በሕይወት እስካሉ ነገሩ ከጆሯቸው እንዳይደርስ ሁላችንንም አስማሉን። ተገኘንም ትከሻውን መታ አድርገው፣ «አብሽር፣ ልጅህ ትድናለች፤ ወደ አገርህ ግባ» አሉት።

ዳገቱን ስንመለስ አላስቻለኝም።

«መሪጌታ፣ የሻረግ ይህን መቼ ነገረችዎ?»

«ስጠይቃት።»

«መቼ ጠየቋት?»

«አንተ ሳትኖር።»

«እኔ ያልነበርኩት መቼ ነው?»

ሼህ ይመር ቆመው ሳቁ። «ይህን ልጅ ዐቃቤ ሕግ ቢያደርጉት ይሻል ነበር፤ ለመዝገብ አባከኑት» አሉ። መሪጌታ አልሳቁም፤ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቀደሙን።

ተገኘ በጥቅምት ተመለሰ፤ እርቁም ወረደ። አያ ጣሰው እንቢ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው፣ «እኔ የምለውን ልጁ ሲጠራ እሰማዋለሁ፤ ይበቃኛል። እጄ ባዶ ነው» ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ። ስሙን አንዱ ወገን እንደ በቀል ሰምቶ ታገሠ፤ ሌላው እንደ ምስጋና ሰምቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የተነሳ ጠብ የለም።

እኔን ግን ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። ነገሩ ከሚገባው በላይ አማረብኝ። ደመላሽ የለም፤ ሊጠየቅ አይችልም። ቃሬዛ ላይ ስም አይጠራም፤ ያን ቀን ብቻ ተጠራ። መሪጌታም ሲፈልጉ ስም እንደሚፈጥሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በክርስትናው ቀን ዝም ያሉት ነገሩን ስላወቁ ነው ወይስ ገና ስላልፈጠሩት?

እትዬ ዘነቡ ከቃሬዛው ጎን የሻረግን እጅ ይዘው ሄደዋል፤ እሳቸውን ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ከፊት የተሸከመው ማን ነበር?»

«ብዙ ነዋ። ይቀባበላሉ።»

«ወንዙን ያሻገረው?»

«ላስቲክ ነው ያየሁት። ዝናቡ ዓይን ያስገልጣል ብለህ ነው?»

«ደመላሽ ብሎ የጠራ ሰውስ?»

«እሷ ትጮሃለች፣ ወንዙ ይጮሃል፤ ማንን ልስማ? ደግሞ ይህን ሁሉ ለምን ፈለግኸው?»

የሻረግንም ገበያ ላይ አገኘኋት።

«ስሙን ማን አወጣው?» አልኳት።

«እኔ።»

«ከማን ወሰድሽው?»

ጨው እየመዘነች ነበር፤ ቀና አለች። «መሪጌታ ምን አሉህ?»

ነገርኳት።

«እሳቸው ካሉ እኔ ምን እጨምራለሁ?» አለችና ወደ ጨውዋ ተመለሰች። ፈገግታ ነበረባት፤ የእሺም የእንቢም ይመስላል። ከኋላዬ፣ «ይርጋ፣ ማን ልኮህ ነው?» ስትል ሰማኋት።

ማንም አልላከኝም። አፍሬ ሄድኩ።

መሪጌታ ስንቄ ባለፈው ዐቢይ ጾም አረፉ፤ አያ ጣሰው ከሳቸው በፊት ሄደዋል። በፍትሐታቸው ላይ ከወንዶቹ መሐል ቆሜ ነበር። የሰው የክርስትና ስም በሕይወት ሳለ ይደበቃል፤ ሲሞት ግን ቄሱ ጮክ ብለው ይጠሩታል። ገብረ ሥላሴ ይሆናል ወይስ ወልደ ማርያም ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ቄሱ «ነፍሰ ገብርከ» ብለው፣ «ኃይለ ገብርኤል» አሉ።

በየቤቱ ሲዋሹበት የኖሩትን ስም በትክክል የተናገሩት በአንድ ቤት ብቻ ነው፤ በዚያ ቤት፣ ለየሻረግ። ይህ የቃሬዛውን ታሪክ እውነት አያደርገውም፤ አውቃለሁ። ከቤቶቹ ሁሉ አንዱ ላይ እንዳልዋሹ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። የሻረግም ያን ስም ይዛ ቆይታለች፤ ለኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ በሳቸውም ክፉ አልሠራችም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። በቅርቡ ተገኘ የተሰበረ ስልኩን አመጣልኝ። መስተዋቱን ቀይሬ ስከፍተው ወዲያው ጠራ፤ የጠሪዋ ስም ወጣ። «የትንሹ ደመላሽ እናት» ይላል። ተገኘ አንስቶ ስለ ጤፍ ዘር አወራት። ሲዘጋ፣ «ትልቁስ ደመላሽ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

በማግስቱ የሻረግ ልጁን ይዛ መጣች። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከሱ የሚበልጡት ልጆች ስሙን ይተረጉሙለታል፤ ማንን ልትገድል ነው እያሉ ይጠይቁታል። ወንዙን ተሻግረው ከሚመጡት የተገኘ ልጆች ጋር መቀመጥ ፈርቷል። የጥገና ጠረጴዛዬን ይዞ በእግሩ ጣት ቆመ።

«ስሜን ማን አወጣው?» አለኝ።

እናቱን አየሁ። እሷ መብራቶቹን ታያለች።

«ይርጋ አጣርቶ ይነግርሃል። እሱ ሳያጣራ አይናገርም» አለችው።

የቻልኩትን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የቀራችሁት መንገደኞቹ ናችሁ፤ ከየት እንደመጣችሁ፣ ወዴት እንደምትሄዱ የማላውቃችሁ። የሁለቱም ወገን ሰዎች እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። በዚያ ሐምሌ፣ በወንዙ ላይ፣ ምጥ የያዛት ሴት በተሸከመ ቃሬዛ ሥር ትከሻችሁን የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደነበረ፣ ስም ተጠርቶ እንደሆነ፣ ማን እንደጠራ ንገሩኝ። ትልቁን ደመላሽ ቆላ ያያችሁትም እንዲሁ። የሱቄን ቦታ ገበያተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ደመላሽ የሚባል ሰው እዚያ ካልነበረም፣ መጥታችሁ እሱኑ ንገሩኝ።

ልጁ ገና ፊደል እየለየ ነው። ይህን ጽሑፍ ራሱ ለማንበብ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከዚያ በፊት ድረሱልኝ።